የሸኚዎች ክንፍ

«እኛ አገር ሬሳ እንኳን ብቻውን አይሄድም። በሕይወት ያለ ሰው በምን ዕዳው ብቻውን ይሄዳል?»

ይህን ያልኩት እኔ ኑርሃን ነኝ። ያልኩትም በመናኸሪያው አስገንቢ ኮሚቴ ስብሰባ መሐል፣ ሳልጋበዝ፣ እጄንም ሳላወጣ ነው። የገባሁት የስብሰባውን ወረቀት ኮፒ አድርጌ ላስረክብ ነበር። አስረክቤ ልወጣ ስል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፕላን አየሁና እግሬ እምቢ አለኝ።

ኮፒ ቤቴ ከድሮው መናኸሪያ አጥር ጋር የተጣበቀች ናት። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ቆርቆሮዋን ሲያግለው ማሽኑና እኔ እኩል እንግላለን። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ጥዬዋለሁ፤ እሱ ነው የጣላት የሚሉም አሉ፣ ይበሉ። ፕላን መሥራት ያስተማረኝ ግን አንድም ሰው የለም። ሰው ለኮፒ የሚያመጣውን የቤት ፕላን እያየሁ፣ ያልገባኝን ከስልኬ እየጠየቅኩ፣ አሮጌ ኮምፒውተሬ ላይ እየሠራሁና እየሰረዝኩ ለመድኩት። ዛሬ በሰፈራችን የእኔን መስመር ተከትሎ ያልቆመ አዲስ ቤት ጥቂት ነው።

አዲሱን ተርሚናል አልጠላሁትም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ከጀውሃ በኩል ሲመጡ ጣሪያው ሊነሣ እንደተዘጋጀ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ከሩቅ ይታያል። ወለሉ ፊት ያሳያል። በሩ ሰው ሲቀርበው በራሱ ይከፈታል፤ ድምፅ ማጉያው ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥርት ብሎ ይሰማል። ረዳትና ፓፓያ ሻጭ እኩል የሚጮሁበት፣ ክረምት ጭቃ በጋ አቧራ የሆነውን የድሮውን ግቢ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሕልም ነው። ገንዘቡንም ከተማው ራሱ ነው ያዋጣው። እንደኔ የኮራበት የለም።

ታዲያ ፕላኑ ላይ በሩ አጠገብ «ትኬት የሌለው አይገባም» ተብሎ ተጽፏል። በስተግራ ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ማስፋፊያው በሚሠራበት፣ «ካፌና የክብር እንግዶች ማረፊያ» ይላል። ሸኚ የሚቆምበት አንዲት ክንድ መሬት የለም።

የይፋት ሰው መንገደኛን በር ላይ አይሰናበትም። ሐጅ የሚሄድ ይሁን፣ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው፣ ወይም ለሕክምና የሚሄድ፣ ሰፈሩ ተነቅሎ እስከ መኪናው ደጃፍ ይከተለዋል። ዱዓውም ምርቃቱም የሚደረገው መንገደኛው አንድ እግሩን የመኪናው መርገጫ ላይ ሲያሳርፍ ነው። የሰፈራችን ሼህ አደም እንደሚሉት አያቶቻቸው ከአሊዩ አምባ ነጋዴ ሲሸኙ እግር እርካብ ላይ ሳይወጣ እጅ ለዱዓ አይነሣም ነበር። እርካቡ አውቶቡስ ሆነ እንጂ ወጉ አልተለወጠም።

«አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» አለ ከኮሚቴው አንዱ።

«የኮፒ ቤቷ ናት» አሉ ሰብሳቢው ጋሼ ዘውዴ። ጋሼ ዘውዴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንገድ ሥራ ፎርማን ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቃላቸው አርማታ ነው፤ አንዴ ከደረቀ በመዶሻም አይነቀልም። ተርሚናሉ የቆመው በእሳቸው ጉልበት መሆኑን ጠላታቸውም አይክድም። «ልጄ፣ ቦሌ ሄደሽ እዪ። ሐይማኖትን ወደ ዱባይ ስሸኝ፣ የገዛ ልጄን፣ ከበሩ ወዲያ አላለፍኩም። ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው። ኮፒ አድራጊ ኮፒዋን ታድርግ።»

«እናንተም እኮ ኮፒ ነው ያደረጋችሁት ጋሼ። ቦሌን። የእኔ ማሽን ቢያንስ ወረቀቱ ሲጣመም ያቆማል።»

አንድ ሰው ብቻ ሳቀ። እሱም አርክቴክቱ ሚኪያስ ነበር፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ በላቡ የራሰ ሸሚዙን ከጀርባው እያላቀቀ።

ከስብሰባው በኋላ ኮፒ ቤቴ መጣ። «የመጀመሪያው ንድፌ ላይ ለሸኚ ቦታ ነበረው» አለኝ። «ሲቀንሱ ሲቀንሱ እሱ ወጣ። እኔም ብዙ አልተከራከርኩም፤ አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው፣ ምን ያህል ሸኚ እንደሚመጣ በምን አውቄ?»

«አሁን አወቅህ።»

«አወቅኩ። ሥሪውና ላየው።»

ሠራሁት። ባዶው ቦታ ላይ፣ የተርሚናሉ ክንፍ እንዲሆን፣ የሸኚ አዳራሽ አቆምኩ፤ ዙሪያውን በድንጋይ መደብ ከበብኩት፤ ወደ አውቶቡሶቹ በኩል ያለውን ግድግዳ ደግሞ ከላይ እስከ ታች መስታወት አደረግኩት። እንዴት ያምር ነበር! ሚኪያስ አየው፣ አየውና ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ሸኚው መንገደኛውን ያይበታላ።»

«ያያል። ይነካዋል?»

ስክሪኑን ተጠግቼ የራሴን መስታወት እንደ አዲስ አየሁት።

«ቦሌን ኮፒ አደረጋችሁ ስትዪ አልነበር?» አለና ሳቀ። ልደበድበው ፈልጌ ነበር፤ በመደብደብ ፈንታ መስታወቱን ሰረዝኩት። በምትኩ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ግንብ አደረግን፤ አውቶቡሱ ከግንቡ ጎን ተጠግቶ ይቆማል፣ ሸኚው ከወዲህ ሆኖ እጁን ዘርግቶ መርገጫው ላይ የቆመውን ይነካል፣ ይስማል፣ ይመርቃል፤ መኪናው ሥር ግን አይገባም። ግንቡ ወገብ ድረስ ይሁን ያለው እሱ ነው። መደቡን፣ ጣሪያው መሐል ላይ ሙቀቱ የሚወጣበትን ክፍተት፣ ነፋሱ የሚገባበትንም አቅጣጫ ያልኩት እኔ ነኝ። በኋላ ሰው እንዳያምታታው እዚህ ጽፌዋለሁ።

ፕላኑን ሁለታችንም ይዘን ጋሼ ዘውዴ ፊት ቀረብን። መነጽራቸውን አድርገው በደንብ አዩት፤ ፎርማን ናቸውና ማየት ያውቃሉ።

«ሥራው ንጹሕ ነው» አሉ። ልቤ ዘለለች። «ግን አያስፈልግም። ሰው ሕግ ይለምዳል። ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ያጉረመርማል፣ ከዚያ በር ላይ ተሳስሞ ይለያያል። የካፌው መሠረት ሐጃጆች ከሄዱ በኋላ ይቆፈራል።»

«ካልለመደስ ጋሼ?»

«ካልለመደማ ያኔ ነይ።»

ይህችን ቃል ያዝኩ። አርማታ ናቸው ብያለሁ፤ አርማታ የያዘውን አይለቅም። መሠረቱ እስኪቆፈር ድረስ የይፋት ሰው ካልለመደ ክንፉ የእኔ ነው። ከተቆፈረ በኋላ ግን እዚያ ቦታ ላይ ማኪያቶ ይፈላል።

ሰዉ መልመድ ጀመረ፤ ያናደደኝ ይሄ ነው! ተርሚናሉ በተከፈተ ሰሞን ተማሪውም ነጋዴውም ከበሩ ውጭ ተሰነባበተ። ያለ ምርቃት የተሳፈረ ሰው ፊቱ ዳቦ የተቀማ ልጅ ይመስላል፤ ቢሆንም ተሳፈረ። ጋሼ ዘውዴ በኮፒ ቤቴ በኩል ሲያልፉ «እንዴት ነው ኑርሃን፣ እየለመደ ነው?» ይሉኛል። «ሰላም ነው ጋሼ» እላለሁ ጥርሴን ነክሼ።

እንዲህ እያለን የእትዬ ሂዳያ ሐጅ ደረሰ።

እትዬ ሂዳያ በማሾ ንግድ የታወቁ፣ በድምፃቸው ከገበያው ማዶ የሚጣሩ፣ ለእኔም እንደ አክስት የሆኑ ሴት ናቸው። ከጋሼ ዘውዴ የሚለያቸው አንድ አጥር ነው፤ እሱም አጥር ከተባለ፣ መሐሉ ላይ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። የጋሼ ዘውዴ ባለቤት ስታርፍ ሐይማኖትን በዚያች ቀዳዳ እያመላለሱ አሳድገዋታል። ሐጅን ሲመኙ ስንት ዓመታቸው! አውሮፕላኑ በማግስቱ ስለሚነሣ የዚያን ዕለት ማታ አዲስ አበባ መድረስ ነበረባቸው፤ የሚሄዱትም በጠዋቱ አውቶቡስ ነው።

ከሌሊቱ ጀምሮ ሰው እየገባ እጃቸውን ስለሚስም ከቤት መውጣት አልቻሉም። ሻንጣቸውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «እትዬ፣ እንሂድ» ስላቸው «ቆይ፣ ያቺን ልሳማት» ይላሉ። ሼህ አደምና ሌላው ሸኚ ግን ከማጀቴ ከተማ በአይሱዙ ከወረዱት ዘመዶች ጋር የመንዙማውን ድቤ ይዞ ቀድሞን ወደ ተርሚናሉ ሄዷል።

እኛ ስንደርስ በሩ ላይ ከዘበኛው በቀር ማንም የለም። ግቢው ጭር ብሏል። «የት ሄዱ?» አሉ እትዬ ሂዳያ፤ ድምፃቸው ቅሬታ አለው። «ሰው ሁሉ ሳይሸኘኝ ተመለሰ?»

ትኬት መስኮቱ ላይ ዮርዳኖስ ተቀምጣለች። ፊቷ በርቷል። «ኑርሃን፣ ጉድ እኮ ነው! አውቶቡሱ ገና በጠዋቱ ሞላ! እንዲህ ሸጬ አላውቅም።»

«ጎሽ። ለእትዬ አንድ ቁረጪ።»

«አልቋል አልኩሽ እኮ።»

«ምኑ?»

«ወንበሩ። አንድም የለም። የሚቀጥለው ነገ ነው፤ ከደሴ የሚመጣውም የበዓል ሰሞን ስለሆነ ሞልቶ ሳይቆም ነው የሚያልፈው።»

በመስታወቱ አሻግሬ አዳራሹን አየሁ። ያኔ ገባኝ። ሼህ አደም ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ትኬታቸውን እንደ መቁጠሪያ በጣታቸው ይዘዋል። ከኋላቸው ሽርጥ ያገለደሙት፣ ሴቶቹ ጃንጥላቸውን ታቅፈው፣ ድቤ መቺውም ድቤውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የማጀቴ ዘመዶች በሙሉ፣ ሁሉም ትኬት በእጁ! ሕጉን አልጣሱም። ሽኝቱንም አልተዉም። ትኬት የሌለው አይገባም ከተባለ ትኬት ቆርጦ መግባት ነው፤ የይፋት ሰው ዘንድ ይህ ምኑ ያስቸግራል? እያንዳንዱ «የእኔ አንድ ወንበር ምን ያጎድላል» ብሏል። ሁሉም እንዲህ እንዳለ የተነጋገረ የለም።

ሸኚው ገባ፣ ተሸኚዋ ውጭ ቀረች።

«ያ አላህ» አሉ እትዬ ሂዳያ፤ መስኮቱ ሥር ዘፍ አሉ። «ዓመት ሙሉ ጠብቄ፣ በገዛ ወገኔ ልቅር?»

ዘበኛው አላስገባ አለኝ፤ ትኬት የለኝማ። በመስኮቱ እጄን ሰድጄ ዮርዳኖስን ገፋ አድርጌ ድምፅ ማጉያውን ያዝኩ። «ኧረ ኑርሃን፣ ያባርሩኛል!» አለችኝ። «እኔን ያባርሩ» አልኳትና ቁልፉን ተጫንኩ።

«ወደ አዲስ አበባ የምትጓዙ ክቡራን መንገደኞች!» ድምፄ አዳራሹን ሞላው። አምሮብኝም ነበር። «በእውነት ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ እጃችሁን አውጡ!»

አንድ የሽንኩርት ነጋዴና አንዲት ተማሪ እጃቸውን አወጡ። ሌላው እርስ በርሱ ተያየ።

«እንግዲያስ ስሙኝ። የምትሸኟት ሴት ወንበር አጥታ እዚህ ከእኔ ጋር ውጭ ቀርታለች። ወንበሯ ላይ የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ!»

መጀመሪያ ሁሉም የእጁን ትኬት አየ። ቀጥሎ ሳቁ ፈነዳ፤ ሳቁ ሳያባራ ጩኸቱ ተተካ። «የእኔን ውሰዱ!» «ኧረ የእኔን!» ይላል ሁሉም፤ የሚነሣ ግን የለም። ትኬቱን የሰጠ ይወጣል፤ የወጣ ከዱዓው ይጎድላል። ሼህ አደም «እኔ ብወጣ ዱዓውን ማን ያደርጋል?» አሉ፤ እውነት ነው። ድቤ መቺው «እኔ ብወጣ ማን ይመታል?» አለ፤ እሱም እውነት ነው። ሾፌሩ ሱሌይማን ጥሩምባውን ነፋ። «ሰዓት ደርሷል! የሚሳፈር ይሳፈር፣ ሰርግ ከሆነም ይነገረኝ!»

ይህን ጊዜ ከወፍራሙ ዓምድ ጀርባ አንድ ሰው ተነሣ። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ ነበር። በአዳራሹ በኩል ወዳለው የትኬት መስኮት ሲመጣ አካሄዱን አወቅኩት። ድምፅ ማጉያው እጄ ላይ እንዳለ፣ ቁልፉንም እንደተጫንኩ ነበርኩና የተናገርኩትን አገር ሰማው።

«ጋሼ ዘውዴ! አንቱም?!»

ጋሼ ዘውዴ ትኬታቸውን በመስኮቱ ቀዳዳ አሾለኩት። የመጀመሪያው ወንበር ነው፤ ከሰው ሁሉ ቀድመው፣ ገና መስኮቱ እንደተከፈተ ቆርጠዋል ማለት ነው።

«ምን ላድርግ?» አሉ፤ እኔን ሳይሆን ዮርዳኖስን እያዩ። «ጎረቤቴ ናት። ሕጉም የእኔ ነው።»

ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው ወጡ። ትኬት የላቸውማ። እትዬ ሂዳያ ደግሞ በሳቸው ትኬት ገቡ።

እኔና ጋሼ ዘውዴ ከመስታወቱ ውጭ ቆምን። ድቤው ሲመታ በጆሯችን ሳይሆን በመስታወቱ መንቀጥቀጥ ነው ያወቅነው። መንዙማው አይሰማም፤ አፎች ሲከፈቱ ይታያል። እትዬ ሂዳያ አንድ እግራቸውን መርገጫው ላይ አሳረፉ፣ ሼህ አደም እጃቸውን አነሡ። ጋሼ ዘውዴም ባርኔጣቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር አደረጉና መዳፋቸውን ዘረጉ። የዱዓውን ቃል ስለማይሰሙ አሚን የሚሉበትን ጊዜ የሚያውቁት የውስጡን ሰው ከንፈር እያዩ ነበር። አንዳንዴ ይዘገያሉ። 

እትዬ ሂዳያ መርገጫው ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ። ቆጠሩ ማለት ይሻላል። ከዚያ ያ ከገበያ ማዶ የሚጣራው ድምፃቸው መስታወቱን አልፎ መጣ።

«ዘውዴ የታለ?»

እግራቸውን አወረዱ። ሱሌይማን ጥሩምባውን ነፋ፤ አልሰሙትም። አዳራሹን አቋርጠው ወደ በሩ መጡ፣ በሩ በራሱ ተከፈተ። ዘበኛው «እትዬ፣ ከወጡ መግባት…» ሲል «አልወጣሁም!» አሉትና ከደፉ ወዲያ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ጋሼ ዘውዴም አልገቡም፤ ከደፉ ወዲህ ቆመው ዘረጉ። እንዲያ ሆነው ሲሳሳሙ በሩ ሊዘጋ መጣ፣ ትከሻቸውን ነካና ደንግጦ ተመለሰ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ተመለሰ። ከቦሌ የተቀዳው በር ሁለት አዛውንቶችን ማለያየት አቅቶት ሲወጣ ሲገባ ሰዉ ሁሉ በሳቅ አለቀ፤ የሳቀው ሁሉ ግን ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

«ሂጂ በይ። አውሮፕላኑ አይጠብቅሽም» አሉ ጋሼ ዘውዴ።

«መርቀኝና።»

መረቋቸው። አሁን ሁሉም ሰማ።

እትዬ ሂዳያ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሼህ አደም ደግሞ ትኬታቸውን አዩና «ወንበራችን ባዶውን ለምን ይሄዳል? እስከ ደብረ ሲና እንሸኛት» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይቀራል! ሸኚው በሙሉ ተሳፈረ። አውቶቡሱ ድቤ እየመታ፣ ጃንጥላ በየመስኮቱ እየወዘወዘ፣ ነጋዴውንና ተማሪዋንም በእልልታ አጅቦ ወደ ዳገቱ ወጣ። የቆላ ሰው ስስ ልብሱን እንደለበሰ ደብረ ሲና ላይ ወርዶ ብርድ እንዴት እንዳንቀጠቀጠው እስከ ዛሬ እንስቅበታለን።

ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና ጋሼ ዘውዴ ነበርን። ባርኔጣቸውን አላጠለቁም።

«ሐይማኖት ስትሄድም እንዲህ ነው የቆምኩት» አሉ። «ዞር ብላ ስትፈልገኝ አይቻታለሁ። እሷ ግን አላየችኝም። ሥልጣኔ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ምን ልበለው ታዲያ?»

ባርኔጣቸውን ተቀብዬ አቧራውን አራገፍኩላቸው።

«ካልለመደ ነይ ብዬሽ ነበር» አሉ። «ኮሚቴው ነገ ይሰበሰባል። ፕላንሽን ይዘሽ ነይ። አሁን ግን ሲጠሩሽ ግቢ።»

ኮሚቴው ብዙ አልተከራከረም። ግማሾቹ ደብረ ሲና ደርሰው የተመለሱ ነበሩ፤ ሲያስነጥሱ ነው ያጸደቁት።

ለካፌው ታስቦ የነበረው መሬት ለእኛ ተቆፈረ። ድንጋዩ ከተራራው ሥር መጣ። ሚኪያስ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ፣ እኔ ኮፒ ቤቴን እየዘጋሁ፣ ስንጣላና ስንታረቅ ዓምዱ ቆመ። ጋሼ ዘውዴ ውሃ ልክና ቱንቢ ይዘው እያንዳንዱን መደብ ለኩ፤ አንዱን ትንሽ ዘመም ብሏል ብለው አስፈረሱት፤ እውነትም ዘሟል። ጣሪያው ሲገጠም ከቆላው የሚነሣው ነፋስ በአንድ በኩል ገብቶ፣ ሙቀቱን ጠርጎ፣ በመሐሉ ክፍተት ሲወጣ አናጢዎቹ መሰላል ላይ እንዳሉ አጨበጨቡ። በፕላን ላይ ቀስት አድርጌ የሳልኩት ነፋስ ፀጉሬን ገልጦ አለፈ። ቀስቴን ተከትሎ!

ክንፉ ሲመረቅ የመጀመሪያው ተሸኚ ማን ሆነ ብትሉ፣ ጋሼ ዘውዴ። ሐይማኖት ዱባይ ወልዳ «አባዬ ካልመጣ ክርስትና አይነሣም» ብላለች። ሐጃ ሂዳያ ከመካ ባመጡት ሻሽ ደምቀው መደቡ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሼህ አደም አሉ፤ የማጀቴ ሰዎች አሉ፤ ጋሼ ዘውዴ አብረዋቸው መንገድ የሠሩት የድሮ ሠራተኞች ከየወረዳው መጥተዋል። መደቡ ሞላ፣ መሐሉ ሞላ፣ ደጁ ሞላ። ዮርዳኖስ መስኮቷ ላይ ሆና «ዛሬ የሸጥኩት ለሚሄድ ሰው ብቻ ነው!» ብላ ጮኸች።

አውቶቡሱ ግንቡን ተጠግቶ ቆመ። ጋሼ ዘውዴ አንድ እግራቸውን መርገጫው ላይ አሳረፉ። ሐጃ ሂዳያ ከግንቡ ወዲህ ሆነው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የጋሼን ትከሻ ያዙ። ምርቃቱ ሲጀመር አሚን የሚለው ድምፅ ጣሪያውን አነሣው፤ ጋሼ ዘውዴን አንዱም አሚን አላመለጣቸውም።

ሊገቡ ሲሉ ዞሩና በሰዉ መሐል ፈለጉኝ። ተጨናንቄ ዓምዱ ላይ ተለጥፌ ነበር።

«ኑርሃን!»

«አቤት ጋሼ!»

«ይሄ ክንፍሽ ጠቧል!»

ሰዉ ሳቀ። ሚኪያስ ከጎኔ ሆኖ በክርኑ ነካኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን ዝም አልልም።

«የማስፋፊያው ፕላን አልቋል ጋሼ!» አልኳቸው በሙሉ ድምፄ፤ ማጉያም አላስፈለገኝም። «ሲመለሱ የሚቀበልዎት ሰው ከዚህ እንደሚበዛ ሳላውቅ ቀርቼ ነው?»